ለቢጫዋ መኪና የተጠራ አውጫጭኝ

በቃሉ ወርቅ ገዢ ነው። የመንጌ ሰዎች ከወንዝ ዳር አጥበው የሚያወጡትን ከእጃቸው እየተቀበለ አሶሳ ላሉ ነጋዴዎች ያስረክባል። ይህ ሥራ ደግሞ ሰው ያበላሻል። የናስ ብናኝ ቀላቅለው ሊሸጡለት የሞከሩትን እግዜር ይቁጠራቸው፤ ከዚያ ወዲህ «እንዴት አደርክ» ሲሉት እንኳ ከሰላምታው ውስጥ ናሱን የሚፈልግ ሰው ሆኖ ቀረ። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» የምትለዋን ተረት ሌላው ለጨዋታ ይላታል፤ እሱ እንደ ዳዊት ይደግማታል። ገንፎ ሲቀርብለትም የምሩን ያገላብጣል።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው፣ አገር ምድሩ የተገረመባትን መኪና የገዛው።

ያመጣት ዋሊድ የሚባል የካርቱም ሰው ነው። ጦርነቱን ሸሽቶ በኩርሙክ ሲገባ አይሱዙ ላይ ጭኖ አሻገራት። ቢጫ ናት። ከሁለት ሰው በላይ አትይዝም፣ ሞተሯ ከወንበሩ ጀርባ ነው፣ ሆዷና መሬቱ በአንድ ስንዝር ቢራራቁ ነው። ዋሊድ ካርቱም ላይ ሀብታም ነበረ፤ አሶሳ ላይ ጄኔሬተር ጠጋኝ ሆነ። ለጄኔሬተር ጠጋኝ እንዲህ ያለች መኪና ምን ትሠራለታለች? ለበቃሉ በርካሽ ሸጠለት። በቃሉም መደሰት ሲገባው «ለምን በርካሽ?» እያለ ሆዱ ሻከረ።

መንዳቷስ ቀላል መስሏችኋል? ፍሪሲዮኗን ለመርገጥ የበሬ ጉልበት ይጠይቃል። በላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠውን ቤንዚን ካቀመሷት እንደ ታመመ ሰው ትስላለች። ከተማው ውስጥ በፍጥነት ማብረጃ ላይ ባለፈች ቁጥር ሆዷ ሲፋቅ የበቃሉም ሆድ አብሮ ይፋቃል፤ ባጃጆቹ በጎን በኩል እያለፉት «አይዞህ፣ ትደርሳለህ!» ይሉታል። ደህና የምትሄደው ወደ ባምባሲ በሚወስደው አስፋልት ላይ ነው። አንድ እሁድ ማለዳ እዚያ አውጥቶ ነዳጁን ረገጥ ቢያደርግ ጀርባው ከወንበሩ ተጣበቀ፣ ዛፉ ሁሉ ተጠራርጎ ወደ ኋላው ሄደ። ደስታም ነበረው፣ ግን ፍርሃቱ ባሰ። ከሩቅ አንዲት ላም ባየ ጊዜ ተመለሰ። ከሦስተኛ ማርሽ አልፎ አያውቅም።

ዋሊድ ደጋግሞ መክሮታል። «ይሄ መኪና ቁጭ አይወድም፤ በሳምንት አንዴ ካልሮጠ፣ ወላሂ ይታመማል» አለው። በቃሉ ምክሩን መዘነውና ናስ አገኘበት፦ አስሩጦ ሊያስሰብራት ነው፣ ከዚያ በነጻ መልሶ ሊወስዳት! ስለዚህ ቤቱ ባለበት የሰፈራ መንደር፣ አምባው በሚሉት፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለው መጋዘን በሸራ ሸፍኖ አቆማት። አንዱን ቁልፍ ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ አሰረ፣ ሌላውን ማሽላ ጎታ ውስጥ ቀበረ።

ወፍጮ ቤቱን የምታሠራው ሚስቱ ስርጉት ናት። አጠር ያለች፣ ነገር የማታበዛ፣ የወፍጮውን ሞተር ድምፅ ሰምታ የጎደለውን የምታውቅ ሴት። መኪናዋ የመጣች ሰሞን አንድ ጊዜ እስቲ ጎንህ ልቀመጥ ብትለው፣ ክብደት ይጨምርባታል ብሎ ከልክሏታል። እሷም ሁለተኛ አልጠየቀችም።

ታዲያ አንድ ቀን ከመንጌ ተመልሶ ሸራውን ቢገልጥ፣ ገብቶ ቢቀመጥ፣ ጉልበቱ ከመሪው ጋር ተጋጨ። ወንበሩ ወደ ፊት ተስቧል! መስተዋቱም ጎንበስ ብሏል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ፣ ቁልፉን ሲያዞር ያለ ምንም ሳል በአንድ ጊዜ ተነሳች። ሌላ ሰው ቢሆን ተመስገን ይላል፤ እሱ ላብ አጠመቀው። በሌላው ጉዞው ከጎማዎቹ ኋላ አመድ ነስንሶ ሄደ፤ ሲመለስ የጎማ ፈለግ አመዱን ለሁለት ሰንጥቆት ወጥቷል።

ያን ጊዜ ዓይኑ ደም ለበሰ። ዋሊድን ጠረጠረ። ባጃጅ የሚነዳውን የሚስቱን ወንድም ቴዎን ጠረጠረ። ጎረቤቱን ሁሉ በተራ በተራ ጠረጠረ። ሰዎቹም አላገዙትም፤ እሱ ሲያልፍ ወሬ ያቋርጣሉ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ። በቃሉ ይሄ ሁሉ ምቀኝነት ነው አለ። እውነቱን ለመናገር፣ የሚደብቁትስ ነገር ነበራቸው። በቃሉ ሌባው እስኪያዝ አትንቀሳቀስም ብሎ የመኪናዋን ጎማዎች በሰንሰለት ጠፍሮ ክረምቱን ሙሉ አላስነሳትም፤ ክረምቱ ሊወጣ ሲልም ነገሩን ለአምባው ዳኛ ለአያ ዳምጠው አቀረበ። አውጫጭኝ ይጠራልኝ አለ።

አውጫጭኝ ማለት አባቶቻቸው ከወሎ ይዘውት የመጡት ሥርዓት ነው። በሬ ሲሰረቅ፣ ቤት ሲቃጠል፣ መንደሩ በሙሉ አንድ ቦታ ይቀመጣል፤ ሰው ሁሉ በተራው ያየውንና የሰማውን ይናገራል፤ እውነቱ እስኪወጣ ማንም ቤቱ አይገባም። ለመኪና ወንበር መሳብ አውጫጭኝ ሲጠራ ግን በአምባው ታሪክ ይህ የመጀመሪያው ነው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አሉና ማንጎው ሥር ተሰበሰቡ። ዋሊድም እንግዳ ነው ሳይባል ተጠርቶ ዳር ተቀመጠ።

በቃሉ አመልክቶ ቢቀመጥ ደግ ነበር። አልተቀመጠም። ልማል አለ። አያ ዳምጠው ሳትሰማ አትማል፣ መሐላ እንደ ጥይት ነው፣ ከወጣ አይመለስም ብለው ለመኑት። እሱ ይህንንም ጠረጠረ፤ ሽማግሌው ራሳቸው የሚያውቁት ነገር አለ ብሎ ይበልጥ ጋለ። ማተቡን ጨብጦ ቆመ።

«መኪናዬን የነዳ ሰው ማንም ይሁን ማን፣ የእናቴ ልጅም ቢሆን፣ ከዛሬ ጀምሮ ደጄን አይረግጥም!»

ሕዝቡ አቀረቀረ። ተራው ዞረ። አንዱ አላየሁም አለ፣ ሌላው በዚያ ሰሞን ዓይኔን ያመኝ ነበር አለ፣ አንዷ ድምፅ ሰምቼ ነጎድጓድ መሰለኝ አለች፤ ሰማሁ ያለችው ደግሞ በጥር ነው፣ ሰማዩ በጠራበት! ሲያዩት ሁሉም ይዋሻል። በቃሉ በደስታና በንዴት መካከል ሆኖ ፊታቸውን ይመረምራል። ተራው ስርጉት ጋ ሲደርስ፣ እሷን ማን ይጠረጥራል ብሎ፣ እንድትታለፍ በእጁ ምልክት ሰጠ። እንግዲህ ሁሉን የጠረጠረ ሰው እሷን ብቻ ዘለላት።

ስርጉት ግን ተነሳች።

«የነዳሁት እኔ ነኝ» አለች። «ቁልፉን ማሽላ ስቀዳ አገኘሁት። ዋሊድን ጠየቅሁት፤ ከቆመች ትሞታለች አለኝ፣ አነዳዷንም አሳየኝ። ያለንን ሁሉ እሷ ላይ አፍስሰኸዋል፤ ስትሞት ዝም ብዬ ልይ? አንተ መንጌ ስትሄድ እያወጣሁ ባምባሲ መንገድ ላይ አሮጥኳት።» ቁልፉን ከነጠላዋ ጫፍ ፈታች። «ኋላ ደግሞ መንዳቱን ወደድኩት። አውጫጭኝ ነው፣ አልዋሽም። ስድስተኛ ማርሽ ስትገባ እንዴት እንደምትሆን አንተ አታውቅም።»

ቀና ብሎ ያየው ሰው አልነበረም። አምባው ሁሉ አይቷታል፤ የባምባሲ መንገድ ገበሬዎች ስትመጣ ከብቶቻቸውን ሰብስበው ያሳልፏት ነበር። ዓይናቸውን ያመማቸው ሁሉ ለሷ ብለው ነው። ስርጉት ቁልፉን እግሩ ሥር አስቀመጠች፣ መሐላህን ሰምቻለሁ አለች፣ በወንድሟ በቴዎ ባጃጅ ተሳፍራ ባምባሲ መንገድ ላይ ወዳለው ቤቱ ሄደች።

በቃሉ ሮጠ። ሰንሰለቱን ፈታ፣ ገባ፣ ቁልፉን አዞረ። ቀጭ! ከዚያ ምንም የለም። ዋሊድ ተከትሎት መጥቶ የኋላውን ከፍቶ አየና ራሱን ነቀነቀ፤ ባትሪው ሞቷል፣ ነገ ሌላ እፈልጋለሁ አለው። በቃሉ ልማድ ሆኖበት በጎን አየው። ከዚያም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አፈረ፤ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

አያ ዳምጠው ደረሱበት። አደባባይ የተማለ መሐላ አደባባይ ላይ በሚታይ ይቅርታ ነው የሚፈታው አሉት። መኪና አይሆንም፣ ባጃጅም አይሆንም። ከወፍጮ ቤቱ ደጅ ደህና ድንጋይ መርጠው ማጅራቱ ላይ አስቀመጡለት።

በአገሩ ማንም የማይቀድማት መኪና ያለችው ሰው እንግዲህ የባምባሲን አስፋልት በእግሩ ያዘው፣ ጎንበስ ብሎ፣ ድንጋይ ተሸክሞ። ባጃጆች አለፉት። የዚያን ዕለት አንዱም «አይዞህ፣ ትደርሳለህ» አላለውም፤ ማሾፍ የሚወዱት እንኳ ቀስ ብለው ነው ያለፉት። የቴዎ ደጅ ሲደርስ አንገቱ ተልጦ ነበር። ስርጉት በሩ ላይ ቆማ ቁልቁል አየችው።

«ስለ እግዚአብሔር ይቅር በይኝ» አለ።

«መኪናዋስ?»

«ሞታለች። አልነሳ አለች።»

ዓይኗ ጠበበ። ከእሱ የተማረችው አስተያየት ነው።

«እሺ፣ አሁን የመጣኸው ለእኔ ነው ወይስ የሚያስነሳት ሰው ፍለጋ?»

በቃሉ ምን ቢል ይታመናል? ለአንቺ ነው ቢል፣ እሱ ራሱ እንዲህ ያለ ቃል ከሰው አፍ ሰምቶ አምኖ ያውቃል? ድንጋዩን እንደተሸከመ ይበልጥ ጎንበስ አለ። እሷም ይቅር ለእግዜርም አላለች፣ እንቢም አላለች፣ ወደ ውስጥ ገባች። ከቆይታ በኋላ ነጠላዋን ለብሳ፣ ጫማዋን ተጫምታ ወጣች። ድንጋዩን ከማጅራቱ በሁለት እጇ አንስታ ከደጁ ዳር አስቀመጠችውና ቀድማው ወደ መንገዱ ወረደች።

ወደ እሱ እየተመለሰች ይሁን ወደ መኪናዋ፣ በቃሉ አላወቀም። አልጠየቃትምም። ከኋላዋ ተከተለ።