ፍልሰታ በየኒሴይ ዳር

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ለንደን፣ ዊልስደን ባለው ቤታችን የኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፕዋን ዘርግታ፣ «ማሚ፣ ሩሲያኛ ታነቢያለሽ አይደል? ይሄን ቼክ አድርጊልኝ» አለችኝ። ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የቋንቋ ጥናት ነው። ገጹ የሚያወራው በሳይቤርያ በየኒሴይ ወንዝ ዳር ስለሚኖሩት ኬቶችና ዛሬ ስለጠፉት ዘመዶቻቸው ነበር። ኬቶች ወንዝን «ሴስ» ይሉታል። ከጠፉት መካከል አንዱ ሕዝብ «ሼት»፣ ሌላው «ሳት»፣ ሌላው «ቴት» ይሉት ነበር። ልጄ እነዚህን ጎን ለጎን አስቀምጣ፣ ሁሉም የተወለዱበትን ጥንታዊ ቃል ትፈልጋለች።

«ሴስን እኔ ከሰው አፍ ሰምቼዋለሁ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። መንግሥት ሩሲያኛ እንድማር ወደ ሶቭየት ኅብረት ልኮኝ ነበር። አንድ ክረምት መምህሬ ወደ ኬቶች አገር ቃል ልትሰበስብ ስትሄድ፣ ቴፕ የሚይዝላት ተማሪ ብላ ፈቃድ አውጥታልኝ አብሬያት ሄድኩ። የኮሙኒስት ፓርቲ አባል ነበረች፤ ብዙ አትስቅም። ጀልባው ግንዳቸው የነጣ ዛፎች መካከል ቀኑን ሙሉ ወደ ሰሜን ወሰደን። ሕዝቦቹ ቢጠፉም ቃላቸው በወንዞቹ ስም ጭራ ላይ እንደቀረ የነገረችኝ እዚያ ላይ ነው። ልንጠይቃቸው የምንሄደው ኬት አሮጊት በካርታ ላይ የሌሉ የትናንሽ ወንዞችን ስም ከእናታቸው ተምረዋል። መምህሬ እሳቸውን ለማግኘት ዓመታት ጠብቃለች።

አሮጊቷ አጭር፣ ዓይናማ ሴት ነበሩ። እጄን ይዘው በሩሲያኛ ስለ አገሬ ጠየቁኝ።

«ወንዛችሁ በብርዱ ወራት በረዶ ሆኖ አይረጋም?»

«አይረጋም፣ እማማ።»

«ታዲያ በምን ትሻገሩታላችሁ? ምስኪኖች» አሉ፤ ከልባቸው አዘኑልን።

ከዚያ ዓሣ ጠብሰው አቀረቡ። ሽታው ዛሬም ይመጣብኛል። ግን ፍልሰታ ገብቶ ነበር፤ እናቴ ደግሞ በፍልሰታ ዓሣ ሳታስነካኝ ነው ያሳደገችኝ። በትምህርት ቤቱ ሆዴን ያመኛል እያልኩ ነበር የምጾመው። ስትጸልይ ታየች የተባለች ተማሪ ወደ አገሯ ትመለሳለች፤ ከእኔ በፊት የተመለሰች አውቃለሁ።

ዓሣውን አለመንካቴን ሲያዩ አሮጊቷ ፊታቸው ተለወጠ።

«ቃሌን ፍለጋ ከሩቅ ትመጣላችሁ፤ ዓሣዬን ግን ትጸየፋላችሁ» አሉና ጀርባቸውን ሰጡን። ቴፑ ባዶውን ይዞራል። መምህሬ ዓሣዬን፣ ከዚያ እኔን አየች።

ሆዴን ያመኛል ልል አፌን ከፈትኩ። የአሮጊቷን ጀርባ ሳይ ግን ተውኩት። «ጾም ላይ ነኝ፣ እማማ። የእመቤታችን ጾም ነው» አልኩ። መምህሬን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

አሮጊቷ ዘወር ብለው፣ ጹሚ ያለኝ ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። እናቴ አልኳቸው። «እናትሽ ካለችማ» አሉና ዓሣውን አንስተው በዛፍ ልጥ ዕቃ ቀይ፣ ጎምዛዛ የዱር ፍሬ አመጡልኝ።

መምህሬ የጀመረችውን ዓሣ ገፋ አደረገች። «ለእኔም ከፍሬው ይስጡኝ» አለች።

አሮጊቷ እስኪመሽ አወሩ። የእናታቸውን ወንዞች አንድ በአንድ ጠሩ፤ ብዙዎቹ መጨረሻቸው ሴስ ነበር። እኔ ማይክሮፎኑን ወደ አፋቸው አስጠግቼ ያዝኩ።

በማግስቱ በጀልባው ላይ ምን ትለኝ ይሆን እያልኩ ተቀምጫለሁ። ትንኝ እያባረረች ማስታወሻዋን ትጽፋለች። በመጨረሻ፣ ወደ ውኃው እያየች፣ «እኔ በሪፖርቴ የምጽፈው ስለ ወንዞች ብቻ ነው» አለችኝ። ትምህርቴን ጨረስኩ፤ ኋላም በዚያ ትምህርት እንጀራ በላሁ።

ልጄ ላፕቶፕዋን ከደን አድርጋ፣ «እሷም አማኝ ነበረች እንዴ?» አለች።

«አልጠየቅኋትም።»

ዛሬ እዚህ ለንደን በፍልሰታ ቅዳሴ ላይ የሰው ስም በልቤ ስጠራ የእሷንም እጨምራለሁ። የክርስትና ስም ይኑራት አይኑራት አላውቅም። ተማሪዎቿ በምንጠራት ስም እጠራታለሁ፤ እመቤቴ ታውቃታለች።