በቤታችን ጥግ የተሰቀሉት ሰባት ገመዶች

ገርጂ ያለው ቤታችን ማፍሰስ የጀመረው አባቴ ካረፈ በኋላ በሁለተኛው ክረምት ነው። መጀመሪያ የሳሎኑ ኮርኒስ ጥግ ላይ የሻይ ቀለም ያለው ክብ ታየ። በሳምንቱ ክቡ ሰፋና ግድግዳውን ይዞ ወረደ። እናቴ ሥሩ ባልዲ አስቀምጣ፣ "ቆርቆሮው አርጅቷል" አለች። እኔም ግንበኛ ጠራሁ።

ግንበኛው ሰፈራችን ውስጥ ብዙ ቤት የሠራ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። መሰላሉን አስደግፎ ወጣ፣ ቆርቆሮውን በእጁ እየነካካ አየና ወደ ጥጉ ጠጋ ብሎ ቆመ።

"ቆርቆሮሽ ደህና ነው" አለኝ ከላይ ሆኖ። "ውሃው የሚገባው በዚህ ብሎን ነው። ገመድ ለመስቀል ግድግዳውን በስተውት፣ ዙሪያው ተሰነጣጥቋል።"

"ታዲያ ንቀለውና ድፈነው።"

"ብነቅለው ገመዱ ይወድቃል። ገመዱ ደግሞ የማን እንደሆነ አላውቅም። የማላውቀውን ገመድ አልነካም።"

እሱ ሲወርድ እኔ ወጣሁ። እዚያ ቤት ተወልጄ አድጌ ያንን ጥግ በቅርብ አይቼው አላውቅም ነበር። አንድ የዛገ መንጠቆና አንድ አዲስ ብሎን ጎን ለጎን ተተክለዋል፤ በሁለቱ ላይ ሰባት ገመዶች ተንጠልጥለዋል። ሰባት! አንዱ ወፍራምና ጥቁር ነው፣ አንዱ ነጭ የነበረ ቢጫ፣ ሌላው ላዩ ተላልጦ መዳቡ ወጥቷል። የማን ናቸው? ማን ፈቀደላቸው? እኔስ አንሱልኝ ማለት እችላለሁ?

ሥራዬ መገናኛ አካባቢ ባለ መድኃኒት ቤት ነው። የማላውቀው ሐኪም በጥድፊያ የጻፈውን እያየሁ ምን ለማለት እንደፈለገ ሳጣራ ነው የምውለው። ምናልባት ከዚያ ይሆናል፣ የጀመርኩትን ነገር መጨረሻውን ሳላይ መተው አልችልም። እሑድ ጠዋት ወጥቼ ገመዶቹን አንድ በአንድ እያየሁ መከተል ጀመርኩ።

አንገቴን አቅንቼ ስዞር ያየኝ ባለ ሱቅ፣ "ምን ጠፋብሽ?" አለኝ።

"ምንም። ይሄ ገመድ የት እንደሚሄድ እያየሁ ነው።"

ትንሽ አሰበና ከሱቁ ወጥቶ እሱም ቀና አለ። "እውነትም የት ነው የሚሄደው?"

ሦስቱ የትም አይሄዱም ነበር። መንገድ ተሻግረው ጫፋቸው ተቆርጦ ጎረቤት ግቢ ባለ አቮካዶ ዛፍ ላይ ቀርተዋል። አራተኛው ድሮ ሰርቪስ ቤቱን ተከራይተው የነበሩ ሰዎች ጥለውት የሄዱት የዲሽ ገመድ ነው። አምስተኛውን እስከ ጫፉ ስከተለው ተመልሶ የራሳችን ሳሎን ገባ፤ የእኛው ኢንተርኔት ነበር። ባለ ሱቁ እስኪበቃው ሳቀብኝ። አዲሱ ብሎን ላይ ያለው ወፍራሙ ጥቁር የፋይበር ገመድ ደግሞ ቤቶች ተሻግሮ አስፋልቱ ዳር ወደተሠራው ፎቅ ይገባል። ግድግዳችንን የሰነጠቀው ያ ነው።

ሰባተኛው፣ ያ መዳቡ የወጣው አሮጌ የስልክ ሽቦ፣ ከመንጠቆው ተነስቶ በአጥራችን ላይ አለፈና ከጓሮ ወደሚያዋስኑን ጎረቤቶች ቤት ገባ። እዚህ ላይ ግራ ገባኝ።

ምክንያቱም አባቴና የዚያ ቤት አባወራ አይነጋገሩም ነበር። አባቴ ቀያሽ ነበር፤ ግማሽ ሜትር የማትሞላ መሬት በአጥሩ ተወስዳብኛለች ብሎ ከሰውየው ጋር ለዓመታት ፍርድ ቤት ተመላልሷል። ሰውየው አባቴን ቀድሞ ነው የሞተው። አባቴ ቀብሩ ላይ ቆሞ እንደተመለሰ አስታውሳለሁ። ታዲያ የእነሱ ስልክ በእኛ ግድግዳ ላይ እንዴት ተሰቀለ?

እናቴን ጠየቅኳት።

"እኔ እንጃ" አለች። "ሊሰቅሉ የመጡትን ሠራተኞች አባትሽ ከበር ሲመልሳቸው በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ አንድ ቀን እሱ ሥራ እያለ ከገበያ ስመለስ ሽቦው ተሰቅሏል። ሲገባ ያብዳል ብዬ ፈርቼ ነበር። ቀና ብሎ አየና ራቱን በላ።"

"ምንም አላለም?"

"ምንም። እኔም ነገር አልቀሰቅስም ብዬ ዝም አልኩ።"

ሰኞ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ወደ ስልክ ድርጅቱ ቢሮ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለው ወጣት በትሕትና አዳመጠኝና ኮምፒውተሩ ላይ ብዙ ፈለገ።

"ይቅርታ እህቴ፣ አዲስ መስመር ይግባልኝ የሚል አለ። ተበላሽቶብኛል የሚልም አለ። ከቤቴ ይነሳልኝ የሚል ግን ሲስተሙ ላይ የለም።"

"እሺ፣ ማንን ልጠይቅ?"

ሦስተኛ ፎቅ ላከኝ። እዚያ ያገኘኋት ኃላፊ ጡረታዋ የተቃረበ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የምታደርግ ሴት ናት። ፋይበሩ ወደ ፎቁ እንደሚሄድ ነግሬያት በስልኬ ያነሳሁትን ፎቶ ስታይ ፊቷ ተኮሳተረ።

"ይሄ ብሎን የተቋራጭ ሥራ ነው" አለች። "ፎቁ ጋ መስመር ሲወስዱ ማንም አላናገራችሁም?"

"ማንም። በሕጉ ምን መብት አለኝ? እሱን ለማወቅ ነው የመጣሁት።"

ወረቀቷን ገፋ አድርጋ ተመቻችታ ተቀመጠች። እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው ከመጣ የቆየ መሰለኝ። "መስመር የማሳለፍ ፈቃድ አለን" አለች። "ቤትሽን የማበላሸት ፈቃድ ግን የለንም። ከመሰቀሉ በፊት ባለቤቱን ማናገር አለብን። የጎዳነውን መጠገን አለብን። ግድግዳሽን ልታሠሪ ስትፈልጊ በጽሑፍ ታመለክቻለሽ፣ መስመሩን የምናዛውረው እኛ ነን። አንቺ ግን እንዳትቆርጪው። ግድግዳው ያንቺ ነው፤ ገመዱ ያንቺ አይደለም።"

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍኳት። ከዚያ ስለ አሮጌው ሽቦ ጠየቅኳት፤ አባቴ ሳይፈቅድ ተሰቅሎ እንደሆነ ማወቅ ፈልጌ ነበር። "የድሮ መስመር ከሆነ ፋይል ይኖረዋል" ብላ ወጣች። ስትመለስ የነተበ አቃፊ ይዛ ነበር። የጎረቤታችን ሚስት ስልክ እንዲገባላት ያመለከተችበት ወረቀት ውስጡ ነበር። ከሥሩ የቤት ባለቤት የስምምነት ቅጽ ተያይዟል፤ የቅጹ ግርጌ ላይ የአባቴ ፊርማ አለ።

ፊርማውን በደንብ አውቀዋለሁ፤ የትምህርት ቤት ካርዶቼ ሁሉ ላይ ነበር። ከፊርማው በላይ በዚያ በደቃቅ የቀያሽ ጽሕፈቱ አንድ መስመር ጨምሯል፦ ሠራተኞቹ የሚመጡት እሱ ቤት በማይኖርበት በሥራ ሰዓት እንዲሆን።

ኃላፊዋ ሁለት ጊዜ አነበበችው። "ሰው ሁሉ እኔ ባለሁበት ይሁን ነው የሚለው" አለች። "እሳቸው ምን ሆነው ነው?"

ማመልከቻዬን እዚያው ጽፌ ሰጠኋት፤ እሷም ሠራተኞች እንደምትልክ ነገረችኝ። ቀኑ ቢመሽም ቤት ሳልገባ በቀጥታ የጓሮ ጎረቤቶቻችንን በር አንኳኳሁ። በዚያ በር ገብቼ አላውቅም ነበር።

የሰውየው ሚስት፣ ባልቴቷ፣ የወሎ ሰው ናቸው። ነጠላቸውን እያስተካከሉ ራሳቸው ከፈቱልኝ፣ ማን እንደሆንኩ ሲያውቁም "ግቢ ልጄ፣ ግቢ" አሉኝ። ስለ ቅጹ ስነግራቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

"ወላሂ፣ ወረቀቱ እስካሁን አለ?"

"አለ። ለምን እንደፈረመ ግን አልገባኝም፣ እማማ። ከባለቤትዎ ጋር ተካሰው አልነበር?"

"በዚያው ሰሞን ነው እንጂ!" አሉ። "ትልቋ ልጄ ጅዳ ሄዳ ድምፅዋ ጠፋ። ሞባይል እንዲህ በየእጁ የለም። ደብዳቤ የለም፣ ምንም የለም። ስልክ አመልክቼ ሠራተኞቹ ቢመጡ፣ ያለ እናንተ ጥግ ሽቦው አይደርስም አሉ። አባትሽ ደግሞ መለሷቸው። እኔ ጓሮ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አጥሩ ቆርቆሮ ነው፣ ወዲያ ማዶ ይሰሙ ኖሯል።"

"ከዚያስ?"

"በማግስቱ መንገድ ላይ ቀርበው፣ 'የልጅቷ አድራሻ አለዎት ወይ?' አሉኝ። አለኝ አልኩ። 'እንግዲያው ነገ ቢሮ እንገናኝ' አሉ። አብረን ሄድን፤ እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ እንደማይተዋወቅ ሰው። ፈረሙልኝ። ግን አስማሉኝ። ለባለቤቴ እንዳልነግር፣ ለማንም እንዳልነግር። 'ክሱን አልተውኩም' አሉኝ።" ሳቁ። "እውነትም አልተዉም።"

ባለቤታቸው ድርጅቱ አባቴ በሌለበት በራሱ ሥልጣን የሰቀለው እየመሰላቸው፣ ቀያሹ ተሸነፈ እያሉ ሲደሰቱ ኖሩ። እናቷ ቁጥሩን በደብዳቤ ልከውላት፣ ሽቦው በተሰቀለ በወሩ ልጅቷ ደወለች። ታማ ሆስፒታል ነበረች። አሁን ተመልሳ ጎሮ ሰፈር ቤት ሠርታ ልጆች ታሳድጋለች።

ሠራተኞቹ የመጡት በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ሁለት ሰዎች ረጅም መሰላል ይዘው። የሞቱትን ሦስት ገመዶች ከአቮካዶው ዛፍ ጀምረው ሰበሰቡ፤ የዲሹን እኔ ራሴ ፈታሁት። ፋይበሩንና የእኛን ኢንተርኔት ከግድግዳው አውጥተው በር ላይ ባለው ምሰሶ አሳለፉ። ግንበኛው ከሥር ከሥራቸው ቀዳዳውን ደፈነ። አሮጌው ሽቦ ጋ ሲደርሱ ግን ቆሙና ወደ እኔ ዞሩ። መስመሩ ከተቋረጠ ዓመታት አልፈዋል። ይነሳ ብል ይነሳል፣ ይቆይ ብልም ይቆያል።

ባልቴቷን አስጠራሁ። በእኛ በር ሲገቡ የመጀመሪያቸው ነበር። እናቴ ወንበር አወጣችላቸው። ሽቦውን ቀና ብለው አዩና፣ "ይውረድ ልጄ፣ መዳብ ነው፣ ሌባ ይጠራባችኋል" አሉ። እኔ ሌላ ነገር ይሉ ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር። ሽቦው ወረደ።

ነገሩን ለእናቴ ያጫወቷት እሳቸው ናቸው። እናቴ እየሳቀች መስማት ጀመረች፤ ወደ መጨረሻው ግን ሳቋ ቆመ። እንግዳዋን በር ድረስ ሸኝታ ስትመለስ ፊቷ ጠቁሮ ነበር።

"አብሬው አርባ ዓመት ልኑር?" አለችኝ። "የጎረቤት ሚስት አስምሎ ከእኔ ይደብቅ?"

"ለባልየው እንዳይደርስ ብሎ ይሆናላ፣ እማዬ።"

"እኔ ወሬ አመላልሳለሁ?"

ሁለት ቀን ተኮራርፋ ሰነበተች፣ ከእኔ ጋር ሳይሆን ግድግዳው ላይ ካለው የአባቴ ፎቶ ጋር። በሦስተኛው ቀን ሥራ ልሄድ ስል የቅጹን ኮፒ አስደርጌ እንዳመጣላት ጠየቀችኝ። አመጣሁላት። መስኮቱ ጋ ወስዳ፣ እሱ የጨመረውን መስመር በጣቷ እየተከተለች ቀስ ብላ አነበበችው፤ ከዚያ አጣጥፋ ጉያዋ ውስጥ አደረገችው።