ከመጋረጃው ወዲህ

በደርግ ጊዜ ወረታ ላይ ስዕል አስተምር ነበር። ለአብዮት በዓል ኤግዚቢሽን «የሰፊው ሕዝብ ቅርስ» የሚል ስዕል አቅርቢ ተባልኩ። እሰየው! ያደግኩበትን፣ ፎገራ ሜዳ ላይ ያለውን አሮጌ ደብር ከውስጡ ሳልኩት። ሴቶች በሚቆሙበት በኩል ተቀምጬ በግድግዳው ያሉትን ቅዱሳን፣ የክረምት እርጥበት ያሳበጠውን ልስን፣ የመቅደሱን በር ከነቀይ መጋረጃው አሰፈርኩ። የደብሩ አለቃ መጥተው አዩና፣ «ከመጋረጃው ወዲያ እንዳትሄጂ እንጂ እጅሽንስ ይባርከው» አሉኝ።

ወዴት እሄዳለሁ? መቅደስ የካህናት ነው፤ እኔ ሴቲቱ ደጁ ላይ እቀራለሁ።

ስዕሉ ቀበሌው አዳራሽ ለግምገማ ቀረበ። ካድሬው ፊቱ ቆሞ ብዙ አየው።

«ጓዲት፣ መጋረጃው ይከፈት» አለ። «ከሰፊው ሕዝብ የሚደበቅ ነገር የለም። ውስጡን ስለሽ አምጪ። እምቢ ካልሽ ከማስተማር ሥራሽ ትነሻለሽ።»

እናቴን የማኖራት በዚያ ሥራ ነበር። ፈራሁ፤ አልዋሽም። ወዲያው ግን ደሜ ፈላ። ያላየሁትን ስለሽ አምጪ ይለኛል እንዴ!

«ጓድ፣ እርስዎ…» ብዬ ጀመርኩና አፌ እምቢ አለኝ። ይህ ሰው የጎረቤታችን የቄሱ ልጅ ነው። ዲያቆን ሆኖ መቅደስ ውስጥ ሲያገለግል እኔ ደጅ ቆሜ አስቀድሻለሁ። አንቱታው ከየት ይምጣልኝ?

«እኔ ገብቼ አላውቅም» አልኩት። «እዚህ ካለነው ሁሉ ውስጡን ያየኸው አንተ ነህ። ንገረኛ! እዚሁ ሰው ፊት ንገረኝና እስለዋለሁ። ምን አለ ከመጋረጃው ኋላ?»

ከኋላ አንድ ገበሬ አማተበ። ካድሬው ፊቱን ወደ ስዕሉ አዞረ። እኔም አልለቀቅኩትም።

«ምነው፣ ረሳኸው?»

ጠረጴዛውን በጡጫ መታ። «ስዕሉ አይሄድም! አንቺም ከነገ ጀምሮ ትምህርት ቤቱ ደጅ እንዳትደርሺ። ስብሰባው አብቅቷል።»

በቃ፣ ከሥራ ወጣሁ። እንባዬ መጥቶ ነበር፤ ለሱ ግን አላሳየሁትም። ሰዉ ወጥቶ ሲያልቅ ስዕሌን ላነሳ ተጠጋሁ። እሱ አሁንም ፊቱ እንደቆመ ነው።

«መጋረጃው አጥሮብሻል» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መሬት ድረስ ነው የሚወርደው። እንዲህ ከሆነ ከሥር ያሳያል።»

አየሁት። አላፌዘም፤ ከልቡ ነው። አስተካክይ ቢሉኝ ብዬ ቀለሜን ይዤ ነበርና ብሩሹን ቀዩ ውስጥ ነክሬ ዘረጋሁለት።

«እኔ ከሥራ የተባረርኩ ሰው ነኝ፤ አልነካውም» አልኩት። «አንተው አውርደው።»

ዞሮ በሩን አየ። ማንም የለም። ጫማውን አወለቀና ተንበርክኮ መጋረጃውን እስከ ወለሉ አወረደው።