ሁልጊዜ ሦስት

የመገጣጠሚያ ሕመም ጥናት በሚካሄድበት ክፍል፣ መዝጋቢዋ ነርስ አንዲትን ታማሚ ሴትዮ ባየቻት ቁጥር ከንፈሯን ታጣምማለች። ሌላው ታማሚ ግድግዳ እየደገፈ ሲገባ፣ እሷ ሹራቧን ከላይ እስከ ታች ቆልፋ፣ ጫማዋን አስወልውላ፣ ሠርግ እንደተጠራ ሰው ቀጥ ብላ ትቀመጣለች። እጆቿን ከቦርሳዋ ሥር ትሸጉጣለች።

«ከዜሮ እስከ አስር፣ ሕመምዎ ስንት ነው እናቴ?»

«ሦስት።»

ስምንት ወር ሙሉ ሦስት! እሷን ብሎ ታማሚ! ይሄን ሁሉ ቁልፍ ስትቆልፍ ያረፈደች ሴት ምኗን ያማታል? ሽርሽር አማራት እንጂ። ነርሷ እንዲህ እያለች በሆዷ፣ «ቀላል» የሚለው ላይ ምልክቷን ታደርጋለች። በዚያ ምልክት ሐኪሞቹ የሚሞክሩት መድኃኒት እንደሠራ ይጽፋሉ።

ዛሬ የሴትዮዋ ደረት መደመጥ ነበረበት።

«ሹራብዎን ይክፈቱልኝ።»

«አይከፈትም፣ ልጄ። በአናቴ በኩል ነው የማጠልቀው።»

ነርሷ «ኤዲያ!» ብላ እጇን ሰደደች። ቁልፎቹ አንድ ሳይቀሩ ከነቀዳዳቸው በክር ተሰፍተዋል።

«ማን ነው እንዲህ የሰፋው?»

«እኔው ነኛ፤ ጣቶቼ ገና ሲታዘዙኝ።»

ቦርሳው ተንሸራተተ። ጣቶቿ እንደ ዝንጅብል ተቋጥረዋል።

«ታዲያ ይሄ እንዴት ሦስት ይሆናል?»

ሴትዮዋ ነርሷን ከእግር እስከ ራስ ገረመመቻት።

«የባሰ ሲመጣ ምን ልበል? ቁጥራችሁ እንደሁ አስር ላይ ያልቃል።»