የአራት ሰው ጽሑፍ

ከትምህርት ቤት ነው የወሰዱኝ። የእረፍት ደወል እንደተደወለ ሁለት ሰዎች መጥተው «ለአንድ ጥያቄ እንፈልግሃለን» አሉኝ። ያሰሩን ከአዳማ ወጣ ብሎ ባለ አሮጌ የሽንኩርት መጋዘን ውስጥ ነበር። ሽንኩርቱ ከወጣ ቆይቷል፤ ሽታው ግን አልወጣም። ሰላሳ አንድ ሰዎች ነበርን። ለምን እንደታሰርኩ የነገረኝ የለም። ከጥቂት ቀናት በኋላ እኔም መጠየቁን ተውኩት።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ግድግዳ ሳይ ነው የዋልኩት። ፍርሃትም ንዴትም አልነበረኝም። ጥርስ ሊነቀል መርፌ እንደተወጋ ድድ ነበርኩ፤ እዚያው አለሁ፣ ግን አይሰማኝም።

ከጎኔ የሚተኛው ከዱከም አዳማ ሚኒባስ የሚነዳ ሰው ነበር። ዝም ማለት አይችልም። አንድ ጠዋት፣

«ቲቸር፣ መቀመጣችን ካልቀረ እንግሊዝኛ አስተምረን እንጂ» አለኝ።

«በምን ላይ?»

ከብስኩት ካርቶን የተቀደደ ቁራጭና ቀለሙ ሊያልቅ የደረሰ እስክሪብቶ አወጣ። ከየት እንዳገኘው አልጠየቅኩትም።

አራት ሆንን። ሦስተኛው ባቱ ከተማ ጨርቅ የሚነግዱ የወሎ ሰው ነበሩ፤ «ሐጂ» ነው የምንላቸው። አራተኛው እዚያው ባቱ የአበባ እርሻ ውስጥ የሚሠራ የሁለት ልጆች አባት ነው። አማርኛው ብዙ አይደለም። ኦሮምኛን በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል ስለተማረ ግን የእንግሊዝኛውን ፊደል ከሁላችንም አሳምሮ ይጽፋል። እስክሪብቶውን ለእሱ ሰጠነው።

«ስለምን እንጻፍ?» አልኩ።

«ያየነውን ነዋ» አሉ ሐጂ። «ሌላ ምን አለን?»

ክፍል ውስጥ እንደማደርገው እያንዳንዱ ሰው በሚችለው ቋንቋ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል፣ ከዚያ እንግሊዝኛውን አብረን እንፈልጋለን። የእኔ ስለ በሩ ነበር። ሁለት ቀን ተከራከርንበት። በእንግሊዝኛ በሩ በራሱ እንደሚከፈት አድርጎ መጻፍም፣ ከኋላው የሚከፍተው እንዳለ ማስታወቅም ይቻላል።

«በር ራሱን ይከፍታል እንዴ? ሰው ነው የሚከፍተው» አለ ሾፌሩ።

«ሰውየውን ተወው፤ እሱን አንጻፈው» አሉ ሐጂ።

ተውነው። በሳምንት ውስጥ አራት መስመር ጻፍን። ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይላል፦ «ጠዋት በሩ ይከፈታል። ፀሐይ ከእኛ ቀድማ ትገባለች። ሙቀቱ ጥሩ ነው። እኛ ደህና ነን፤ እናንተስ?»

በማግስቱ ፍተሻ ተደረገና ካርቶኑ ተያዘ። መርማሪው መጀመሪያ የጠራው እኔን ነው። ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አበባና የእኛ ካርቶን ነበሩ። ተርጉም አለኝ፤ ተረጎምኩ።

«‹ሙቀቱ ጥሩ ነው› ማለት ምን ማለት ነው?»

«ሙቀቱ ጥሩ ነው ማለት ነው። የአበባ እርሻ ሠራተኛ ነው ያለው። ሥራው የአበባውን ቤት ሙቀት መከታተል ነበር።»

«‹እናንተ› የተባሉት እነማን ናቸው?»

«እንጃ። ሰላምታ ነው። ሰው ደህና ነኝ ካለ በኋላ መልሶ ይጠይቃል።»

ድምፁን ከፍ አላደረገም። «የአበባ እርሻው ሠራተኛ የእጅ ጽሑፍ እንደሆነ አውቀናል። አንተ የቤተሰብ ኃላፊ ነህ። ‹ብቻውን ጽፎ ወደ ውጭ ሊልክ ነበር› ብለህ ፈርም። ነገ ቤትህ ትገባለህ።»

ወረቀቱ ተጽፎ አልቋል። የቀረው ፊርማ ነበር። ብዕሩን አነሳሁ። ቆራጥ ነበርኩ ብዬ አልዋሽም። ስለ ሚስቴ አሰብኩ፤ እሱም ስለ ሌላ ሰው ሚስት የማስብ ያህል ነበር የራቀኝ። ብፈርም እንኳ የሚሰማኝ ነገር የሚኖር አይመስለኝም ነበር።

ግን ወረቀቱ ላይ ስህተት ነበር። ዓይኔ እዚያው ላይ ቆመ። «ብቻውን ጽፎ» የሚለውን ሰረዝኩና ከላዩ «አራት ሆነን የጻፍነው» ብዬ ጻፍኩ። «ወደ ውጭ ሊልክ» የሚለውንም ሰረዝኩት፤ «ስንማር» አልኩ። ከዚያ ፈረምኩና መለስኩለት።

መርማሪው አነበበው። ከዚያ ሦስቱን አስጠራ።

ሾፌሩ ገና ሳይጠየቅ «ፀሐይዋ የእኔ ናት» አለ። የአበባ እርሻው ሰው ሦስተኛዋን መስመር በጣቱ ነካ።

«እርስዎስ?» አለ መርማሪው።

«ልጄ፣ እኔ የፈረንጅ ፊደል አልለይም» አሉ ሐጂ። «የመጨረሻዋ ግን የእኔ ናት። ‹እናንተስ› ያልኩት እኔ ነኝ። አንተስ፣ ደህና ነህ?»

መርማሪው ፋይሉን ከፈተ። በእጁ ከጻፈው ሰው ጀምሮ የአራታችንን ስም በተራ መዘገበና ካርቶኑን ፋይል ውስጥ ከተተው።

ለሁለት ሳምንት ፀሐይ ከለከሉን፤ ሰላሳ አንዳችንንም። በእኛ ጦስ መሆኑን ሁሉም ያውቅ ነበር፤ የወቀሰን ግን የለም። የአበባ እርሻውን ሰው ለብቻው አልወሰዱትም። የዚያን ቀን ወደ መጋዘኑ ስንመለስ በኦሮምኛ «ገለቶማ» ብሎ አመሰገነኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ።

ነገ ሳይሆን ከሦስት ወር በኋላ ተፈታሁ። ሾፌሩና የአበባ እርሻው ሰውም ወጥተዋል። ሐጂ ከእኛ በኋላ ብዙ ቆዩ፤ የወጡትም ታመው ነው። ባቱ ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ። ስለዚያ ቀን አላነሳንም።

አሁን ወደ ማስተማሬ ተመልሻለሁ። ባልደረቦቼ መጽሐፍ ሲያሳትሙ አንተስ መቼ ነው ይሉኛል። እኔ በስሜ ተመዝግቦ የተቀመጠልኝ ጽሑፍ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አንድ ቢሮ ውስጥ፣ አንድ ፋይል ውስጥ አለ። አራት መስመር ነው። ጸሐፊዎቹም አራት ነን፤ የእኔ ስም ከላይ ሁለተኛው ነው።