የጋሽ ሽብሩ ንባብ

እንደ ጋሽ ሽብሩ ያለ ዓይን ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ እንጥለው የነበረው ዕቁብ ዳኛ እሳቸው፣ ጸሐፊው እኔ ነበርኩ። ፊደል ግን አይለዩም።

አንድ እሑድ ዕጣ ለወጣላቸው ለእትዬ ጽጌ ብሩን ልናስረክብ ስንጠብቅ አንድ ጺማም ሰው ወረቀት ይዞ መጣ። «ታምሜያለሁና ለወንድሜ ስጡልኝ» ይላል፤ ከሥሩ የአውራ ጣት አሻራ አለበት። ደግሜ አነበብኩት፤ እንከን የለውም። ብሩን ላቀብለው ስል ጋሽ ሽብሩ «እስቲ ወዲህ በለው» ብለው ወረቀቱን ተቀበሉኝ። ገልብጠው እንደያዙት ወደ መስኮቱ ዞረው ብዙ ቆዩ። በሰው ፊት አፈርኩላቸው።

በመጨረሻ ሰውየውን ቀና ብለው አዩት።

«ይህ ጣት የጽጌ አይደለም፤ የራስህ ነው» አሉት ረጋ ብለው። «የዛሬ ሦስት ዓመት በዚሁ ጣት ፈርመህ ዕቁባችንን በልተህ ስትጠፋ፣ ጺም አልነበረህም።»