የወንድሜ ታንክ ዝገት

ደባርቅ ላይ ታፔላ እየጻፈ የሚኖር ጎልማሳ ቁጭ ብሎ ትንሽ ታንክ ሲሠራ ከታየ ሰፈሩ ምን እንደሚል አይጠፋችሁም። «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» አሉኝ፣ ያውም በፊቴ። ይበሉ! ለጨዋታ አልነበረም የምሠራው።

ወንድሜ የታንክ ሹፌር ነበር። አብሮት የዘመተ ጓደኛው መጥቶ፣ ከዛሪማ በታች መንገድ ዳር ታንኩ ሲቃጠል ከውስጥ እንዳልወጣ ነገረኝ። ወርጄ ብረቱን በዓይኔ አየሁት፣ ፎቶም አነሳሁት። አባቴ ቄስ ናቸው። ስነግራቸው መቋሚያቸውን አነሱብኝ። «መርዶ በሽማግሌ ነው የሚነገር! አስከሬኑን ሳላይ ልጄን አልቀብርም!» ብለው ፍትሐቱንም ተዝካሩንም ከለከሉ። ከሁሉ የከፋው ግን እናቴን ማልቀስ መከልከላቸው ነው። «ሟርተኛ! በቁሙ ታለቅሺበታለሽ?» ይሏታል። እሷም የሰው ለቅሶ ማሳደድ ጀመረች። የማታውቀው ሰው ሲሞት እንኳ ቀድማ ደርሳ፣ በሰው ሬሳ የልጇን አልቅሳ ትመጣለች። እኔን ያሳበደኝ ይሄ ነው።

ካላመኑኝ ታንኩን ቤታቸው ድረስ አመጣላቸዋለሁ አልሁ። ከቆርቆሮና ከካርቶን ሠራሁት። ጎማዎቹ የቢራ ቆርኪ ናቸው፣ መድፉ የአሮጌ ሬዲዮ አንቴና። መሥራቱስ ቀላል ነው፤ ማስረጀቱ ነው ጣጣው። እሱን ከስልኬ ቪዲዮ እያየሁ ተማርሁ። መጀመሪያ የዝገት ቀለም ትቀባለህ፤ ውሃ አርከፍክፈህ ደቃቅ ጨው ትበትንበታለህ፤ ሲደርቅ በላዩ አረንጓዴ ትደርብበታለህ። ከዚያ ጨውን በጥርስ ብሩሽ ስትፈገፍገው ቀለሙ አብሮት ይላጥና ዝገቱ ከሥር ብቅ ይላል። በመጀመሪያው ሙከራ ጨው አብዝቼ ታንኩን ኩፍኝ የወጣበት ልጅ አስመሰልሁት፤ እየተራገምሁ ፋቅሁት። ለቃጠሎው ከድስት ቂጥ ጥላሸት ወሰድሁ። አቧራውን ከዚያው ከዛሪማ በፌስታል አምጥቼ በወንፊት ነፋሁት። የደባርቅ አፈር ጠቆር ስለሚል ይዋሻል፤ እኔ ደግሞ ውሸት በቅቶኝ ነበር።

ብሩሽ አያያዝ ያስተማሩኝ አባቴ ናቸው፤ ከቅስናቸው ሌላ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊም ናቸውና። በእሳቸው ሙያ ቆሻሻ አይሣልም። የሰማዕት ደም እንኳ ንጹሕ ቀይ ነው፤ ዘንዶ የሚረግጥ ፈረስ ኮቴው ጭቃ አይነካውም። ታንኩን መደቡ ላይ ሳስቀምጥላቸው ብዙ ቆይተው አዩት።

«ይህን ርኩስ ነገር ከቤቴ አውጣ» አሉ።

«አላወጣም። ልጅዎ የቀረው እዚህ ውስጥ ነው» አልኋቸው።

እንዲህ ብዬ መልሼላቸው አላውቅም። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ወደ ጓዳ ገባች።

ዳባት ታፔላ ልሰቅል ሄጄ ስመለስ ታንኩ አረንጓዴ ሆኖ ጠበቀኝ። የሚያብለጨልጭ ንጹሕ አረንጓዴ፣ ዳር ዳሩ እንደ ቅዱሳን ልብስ በጥቁር መስመር የተከበበ። ያ ሁሉ ድካሜ!

«ምን አደረጉት?» ብዬ ጮኽሁ።

«አደስሁት» አሉ፣ ብሩሻቸውን እያጠቡ። «ሲሄድ እንዲህ ነበር። ሲመለስም እንዲሁ ነው።»

«አይመለስም!»

«ዝም በል፣ አንተ ውሻ!»

መሬት ላይ ልፈጠፍጠው አነሳሁት። ያኔ ነው የሹፌሩን መግቢያ ክዳን ያየሁት። ዙሪያውን ሁሉ ቀብተው እሱን ብቻ ትተውታል፤ የእኔ ጥላሸት እንዳለ ነው። ረስተውት መሰለኝና ደስ አለኝ፤ የምወጋቸው ነገር አገኘሁ።

«ይሄንንስ? ሁሉን አድሰው ይሄን ለምን ተዉት?»

ብሩሻቸውን ማጠብ ቀጠሉ። አልማርኋቸውም፤ አፍንጫቸው ሥር አስጠግቼ ደግሜ ጠየቅኋቸው።

«እዚያ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ» አሉ።

እናቴ ከጓዳ ወጥታ ፊታቸው ቆመች። አላለቀሰችም፤ እሳቸውን ነበር የምትጠብቀው። አባቴ ቀና ብለው አላዩዋትም። ጥምጣማቸውን ፈቱና መሬት ላይ ጣሉት።

«ምን ቆመህ ታየኛለህ!» ብለው ጮኹብኝ። «ሂድ ጎረቤት ጥራ እንጂ!»